ድሃው ነው ወይስ ባለሱቁ? ስለ ቀኝ ዘመሞች የተከፈተው ክር

የሰሜን ሸዋ ልጆች በሚገናኙበት አንድ የውይይት መድረክ አለሁበት። ብዙ ጊዜ የሚወራው የበግና የጤፍ ዋጋ ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ የጣርማበር ጉም መንገድ የዘጋበት ሰው ፎቶ ይለጥፋል። ሰሞኑን ግን ደብረ ሲና አካባቢ ኢኮኖሚክስ የሚያስተምር አንድ ወጣት ያልተለመደ ክር ከፈተ። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ቀኝ ዘመም ሕዝበኞችን፣ ማለትም ሕዝቡን ከልሂቁና ከስደተኛው እናስጥላለን የሚሉ ፖለቲከኞችን፣ እያነገሠ ያለው ድሃው ሠራተኛ ነው ባይ ነው። ፋብሪካ ይዘጋል፤ ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ አንዱ ፖለቲከኛ ይመጣና ሥራህን የወሰዱብህ ስደተኛውና ቻይና ናቸው ይለዋል፤ እሱም ያምናል። ለማስረጃ የ2016ቱን የአሜሪካ ምርጫ ጠቀሰ። ትራምፕ ዊስኮንሲንን፣ ሚሺጋንንና ፔንሲልቬኒያን የወሰደው በሦስቱ ድምር 78 ሺህ በማይሞላ የድምፅ ልዩነት ነበር። ሦስቱም የፋብሪካ አገር ናቸው። በመጨረሻም ከተሳሳትኩ አርሙኝ ብሎ በትሕትና ዘጋ።

አረሙት። እንዴት እንዳረሙት ነው እዚህ የምተርከው። (ዓመቶቹ የፈረንጆች ናቸው። የኛ ሲሆን እናገራለሁ።)

መልሶቹንም መላሾቹንም በተራ ቁጥራቸው እጠራቸዋለሁ። ቁጥር 1 ሰላምታና ምስጋና ብቻ ነበር። ቁጥር 2 ተስማማ፤ ስለ ሥራ አጥነት የሚያወራ ረጅም ነገር ጨመረበትና ሄደ። ክሩ ነፍስ የዘራው ቁጥር 3 ላይ ነው።

ቁጥር 3 የደብረ ሲና ልጅ ናት። አሁን የምትኖረው ፔንሲልቬኒያ፣ ቤተልሔም የምትባል ከተማ ሲሆን፣ በአንድ መጋዘን ውስጥ ሌሊት ዕቃ ትደረድራለች። ከተማዋ ድሮ የብረት ከተማ ነበረች። የሳን ፍራንሲስኮው ወርቃማ በር ድልድይ ብረት የመጣው በከተማዋ ስም ከሚጠራው ኩባንያ ነው። እዚያ ብረት ማቅለጥ የቆመው በ1995 ነው። ኩባንያው በ2001 ከሰረ። በ2003 ጡረተኞቹ የጤና መድኅናቸውን አጡ። የማቅለጫ ምድጃዎቹ ዛሬም ዝገው ቆመዋል፤ ከጎናቸው ከ2009 ጀምሮ ቁማር ቤት ተከፍቷል። ልጅቷ ሥራ ስትሄድ በዚያ ታልፋለች።

መምህሩ እንዳለው ከሆነ ትራምፕን የሚወደው ጡረተኛው ብረት ሠሪ መሆን ነበረበት። ነገሩ እንደዚያ አይደለም አለች። ጎረቤቷ ከነዚያ ጡረተኞች አንዱ ነው። የሠራተኛ ማኅበር ሰው ስለነበር በልማዱ ዴሞክራቶችን ይመርጣል፤ ሁለቱንም ወገን ግን እኩል ይረግማል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሌላው ጎረቤት የቤት ጣሪያ የሚሠራ ተቋራጭ ነው። ሁለት ፒካፕ አለው። ኮሌጅ አልገባም። የትራምፕን ባንዲራ ሰቅሏል፤ የበረንዳውን ግማሽ ሸፍኖታል። ጠዋት ጠዋት ፒካፑ ላይ የሚጫኑት ሠራተኞቹ ደግሞ ስፓኒሽ የሚያወሩ ስደተኞች ናቸው። ከተማዋ ካለችበት አውራጃ አንዱ ኖርዝሃምፕተን ይባላል። ሁለት ጊዜ ኦባማን መርጦ በ2016 ወደ ትራምፕ ዞረ፤ በ2020 ወደ ባይደን ተመለሰ፤ በ2024 እንደገና ትራምፕ ወሰደው። ስለዚህ ሰዉን በአንድ ስም መጥራት አይቻልም ብላ ጨረሰች።

ቁጥር 4 ቁጥሮችን ይዞ መጣ። አነጋገሩ ጨዋ ነው፤ እጁ ግን ከባድ ነው። በ2016 ከምርጫ ጣቢያ ሲወጡ ከተጠየቁት ሰዎች ውስጥ፣ የቤተሰብ ገቢያቸው በዓመት ከ50 ሺህ ዶላር በታች ከሆነው አብዛኞቹ የመረጡት ተፎካካሪውን ሂላሪ ክሊንተንን እንጂ ትራምፕን አይደለም። በዚያው ዓመት በፓርቲው የውስጥ ምርጫ ትራምፕን የደገፈው መራጭ መካከለኛ የቤተሰብ ገቢ ወደ 72 ሺህ ዶላር ተገምቶ ነበር። የአገሪቱ መካከለኛ ገቢ ግን 56 ሺህ ገደማ ነበር። ድሃ የሚለው ቃል ታዲያ ከየት መጣ ብሎ ጠየቀ። ራሱ መለሰው፤ ከትምህርት ነው። ኮሌጅ ካልጨረሱ ነጮች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ትራምፕን መርጠዋል። ጋዜጠኛው ዲግሪ የሌለውን ሁሉ ድሃ ሠራተኛ ይለዋል። ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጦ ዛሬ ሁለት አይሱዙ የሚያሠራ የደብረ ብርሃን ሰው በዚህ ሒሳብ ድሃ ሊባል ነው፤ ማስተርስ ያለው መምህር ደግሞ ሀብታም።

ይቺ የመጨረሻዋ ምሳሌ ክሩን ገደል ከተተችው። መድረኩ ላይ የማያስተምር ሰው ያለ አይመስልም። ከቁጥር 5 ጀምሮ መምህራኑ ደሞዛቸውን፣ የቤት ኪራያቸውንና የዘይቱን ዋጋ ዘረገፉት። አንዱ ቅዳሜ ገበያ የበግ ዋጋ ጠይቆ ዝም ብሎ እንደተመለሰ ጻፈ፤ ሌላው ለምን ጠየቅክ አለው። ላይክ የዘነበው እዚህ ላይ ነው። አልፈርድባቸውም። ክሩን የከፈተው ልጅም እንደ ሌሎቹ ተነጫነጨና ኋላ ጥያቄውን አስታወሰ።

ቁጥር 11 ላይ ሁሉም ጋሼ የሚላቸው አንድ የመንዝ ሰው ገቡ። በኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ተማሪ የነበሩ ናቸው። አንቀጽ የሚባል ነገር አያውቁም፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ጽሑፍ ነው። ሐሳቡ ግን ጥርት ያለ ነው። ይህ ጥያቄ ድሮ በውይይት ክበብ አልቆ የደቀቀ ነው አሉ። ወዝአደሩም አይደለም፣ ድሃ ገበሬውም አይደለም፤ ንዑስ ከበርቴው ነው። ባለሱቁ፣ ባለወፍጮው፣ ትንሹ ተቋራጭ። ከላይ ባንኩና ትልቁ ኩባንያ ይጫኑታል፤ ከታች ሠራተኛው ደሞዝ ጨምር ይለዋል። ከሁለቱም ይፈራል። የፈራ ሰው ደግሞ ጠንካራ መሪ ይፈልጋል። ለምሳሌ ፈረንሳይን አነሱ። በ1953 ሳን ሴሬ በምትባል ትንሽ ከተማ የጽሕፈት ዕቃና መጻሕፍት የሚሸጥ ፒየር ፑዣድ የሚባል ሰው፣ የግብር ተቆጣጣሪዎች ሲመጡ ባለሱቆችን አስተባብሮ መለሳቸው። ነገሩ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። በ1956 ምርጫ ንቅናቄው ከ2 ሚሊዮን በላይ ድምፅና 52 የፓርላማ ወንበር አገኘ። ከገቡት አንዱ የ27 ዓመቱ ዣን ማሪ ለፔን ነበር። በ1972 የራሱን ፓርቲ ሲመሠርት ሥሩ እዚህ ነው አሉ ጋሼ።

ቁጥር 12 ሸዋ ሮቢት ላይ ሱቅ አለው። ፑዣድን ወደደው። በኛ 2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት የመጣ ጊዜ ያየውን ስለሚያስታውስ ሰውየው ምን እንደተሰማው አይጠፋውም። ንዑስ ከበርቴ መባሉ ግን አልተዋጠለትም። ጠዋት 12 ሰዓት ከፍቶ ማታ 3 ሰዓት የሚዘጋ ሰው ምን ከበርቴነት አለው ሲል ጠየቀ።

ቁጥር 13 ግን ጨዋታውን አበላሸው። ጋሼ የለ፣ እርስዎ የለ፤ በቀጥታ አንተ ብሎ ገባባቸው። በነዚህ ቃላት እየተፈረጀ ስንት ወጣት እንዳለቀ ረስተኸዋል ወይ ሲል ጻፈ። የጡረታ ጊዜህን በሌላ ነገር አሳልፍ የሚል ምክርም ጨመረበት። ሰዉ ተንጫጫ። ግማሹ ስለ ጨዋነት፣ ግማሹ ስለ ቀይ ሽብር መከራከር ጀመረ። አድሚኑ አምስት ስድስት መልስ ሰረዘ። ጋሼ ቁጥር 17 ላይ ሲመለሱ መልሳቸው አጭር ነበር። በዚያ ዘመን እሳቸውም ንዑስ ከበርቴ ተብለው ታስረዋል። ቃሉ ሰው ማሰሪያ ከመሆኑ በፊት ግን ሱቅ ያለውን ከሌለው የሚለይ ነበር፤ ለዚያ ይጠቅማል። ከዚህ በላይ አልተናገሩም። ያኛው ይቅርታ አልጠየቀም፤ ቀጥሎ ሲጽፍ ግን እርስዎ ብሏቸዋል።

ጋሼን በወጉ ያረማቸው ቁጥር 18 ነው፤ ታሪክ ያጠና ሰው ይመስላል። ባለሱቁ ነው የሚለው ማብራሪያ የታወቀው በናዚ ጀርመን ታሪክ ነው። የታችኛው መካከለኛ መደብ ሂትለርን አነገሠው ሲባል ኖሯል። እንደ ዩርገን ፋልተር ያሉ ተመራማሪዎች ግን የየወረዳውን የምርጫ ውጤት አንድ በአንድ ሲፈትሹ ሌላ መልክ አገኙ። ሐምሌ 1932 ፓርቲው 37.3 በመቶ ሲያገኝ፣ ከመራጮቹ ከሲሶ የማያንሱት ከሠራተኛ ቤት ነበሩ። ሥራ አጡ ሠራተኛ በብዛት የሄደው ወደ ኮሚኒስቶቹ ነው። ከመደብ ይልቅ ሃይማኖት ይበልጥ ይለይ ነበር። የፕሮቴስታንት ገጠር ጎርፎ ሲገባ የካቶሊክ ገጠር ከራሱ ፓርቲ ንቅንቅ አላለም። ጋሼ በልብ ምልክት መለሱለት። ያስተማሩት ልጅ መሰለኝ።

እኔ እንደማየው ጋሼ የሳቱት መጨረሻው ላይ ነው። አነሳሱን በደንብ ይዘውታል። ቁጥር 20 ይህንኑ የሚያሳይ ነገር አመጣ። ዴንማርክ ውስጥ ሞገንስ ግሊስትሩፕ የሚባል የግብር ጠበቃ በ1971 ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ አንድም ሳንቲም የገቢ ግብር እንደማይከፍል በኩራት ተናገረ። በ1973 ፓርቲው 28 ወንበር ይዞ ፓርላማ ገባ። ያኔ ጩኸቱ ግብር ይቅር፣ ቢሮክራት ይባረር ነበር። አማራጭ ለጀርመን የሚባለው ፓርቲም በ2013 ሲጀመር ዩሮን የሚቃወሙ የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰሮች ነበሩበት፤ የፕሮፌሰሮች ፓርቲ ይሉት ነበር። በ2025 ምርጫ 20.8 በመቶ ሲያገኝ ከሠራተኞች መካከል ግን 38 በመቶ መረጠው። ፈረንሳይም እንደዚያው። የባለሱቆቹ ሰው ልጅ ማሪን ለፔን በ2022 ሁለተኛ ዙር ከሦስት ሠራተኞች የሁለቱን ያህል ድምፅ አገኘች። ሱቅና ፕሮፌሰር ይዘው ይነሳሉ፤ ሠራተኛው በኋላ ይጨመራል። ሲጨመር ደግሞ ንግግራቸው ይቀየራል። ግብር ይቅር ማለቱ ቀስ ብሎ ጡረታችሁን ስደተኛ እንዳይበላው ወደሚል ይዞራል።

ቁጥር 21 ቪየና ትራም የሚነዳ የአንኮበር ልጅ ነው። በአገራችሁ ሳላችሁ መጽሐፍ ታነባላችሁ፣ እኔ ግን ሰዎቹን በየቀኑ እጭናቸዋለሁ ብሎ ጀመረ። ትንሽ ጉራ አለበት፤ የሚናገረው ግን ፍሬ አለው። የኦስትሪያው የነጻነት ፓርቲ በ1956 ሲመሠረት የመጀመሪያ መሪው አንቶን ራይንታለር የቀድሞ የናዚ ኤስኤስ መኮንን ነበር። በ1999 26.9 በመቶ ሲያገኝ ከሠራተኞች ዘንድ አንደኛ ሆነ። በ2016 የፕሬዚዳንት ምርጫ እጩው ሆፈር ተሸነፈ፤ ከሠራተኞች ግን ከ80 በመቶ በላይ መርጠውት ነበር። ይህን ቁጥር ሁሉም ሲያነብ የኦስትሪያ ሠራተኛ ሁሉ ቀኝ ነው ይላል። የትራሙ ነጂ የሚጠይቀው ሠራተኛ የምትሉት ማንን ነው ብሎ ነው። ንጋት ላይ የሚጭናቸው የጽዳት፣ የግንባታና የሆስፒታል ሠራተኞች አብዛኞቹ ሰርብ፣ ቱርክ፣ ሶርያዊ ናቸው። ቪየና ውስጥ ለመምረጥ ዕድሜያቸው ከደረሰ ነዋሪዎች ሲሶ ያህሉ ዜግነት ስለሌላቸው ብሔራዊ ምርጫ ላይ አይቆጠሩም። እሱ ራሱ ዜግነት እስኪያገኝ ድረስ በዚያ ቁጥር ውስጥ ሠራተኛ አልነበረም።

ለኔ የክሩ ምርጡ መልስ ይሄና ቀጥሎ የመጣው ቁጥር 22 ናቸው። ላይካቸው ከበጉ ዋጋ አይደርስም።

ቁጥር 22 ስታትስቲክስ የሚያስተምር ሰው ነው። እስካሁን ሁላችሁም ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን እያምታታችሁ ነው አለ። ከመንዝ ሰው ስንቱ ባና ይለብሳል ማለት አንድ ነገር ነው። ባና ከለበሰው ስንቱ የመንዝ ሰው ነው ማለት ሌላ ነው። ከዚያ ብሪታኒያ ከአውሮፓ ኅብረት የወጣችበትን የ2016 ሕዝበ ውሳኔ አመጣ። የእጅ ባለሙያ፣ የጉልበት ሠራተኛና ሥራ አጥ ከሆኑት 64 በመቶ እንውጣ ብለዋል። ይህ የሠራተኛ አመፅ ነው የሚለውን ወሬ ይደግፋል። እንውጣ ያሉትን ሁሉ አንድ ላይ ሰብስቦ ማን ናቸው ሲባል ግን፣ የኦክስፎርዱ የጂኦግራፊ ምሁር ዳኒ ዶርሊንግ እንዳሳየው፣ 59 በመቶዎቹ ከአስተዳዳሪ እስከ ቢሮ ሠራተኛ ያሉት የመካከለኛው መደብ ሰዎች ነበሩ። ሁለቱም ቁጥር ልክ ነው። መካከለኛው መደብ ቁጥሩ ብዙ ነው፤ ወጥቶም ይመርጣል። ድሃው ያዘነበለ ቢሆንም ከሕዝቡ ትንሽ ነው፤ ቤቱም ይቀራል። ጋዜጣ የመጀመሪያውን ቁጥር ይወዳል።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ተበታተነ። ቁጥር 24 መራጩን ትታችሁ መሪውን እዩ አለ። ትራምፕ የሕንፃ ከበርቴ ነው። የብሪታኒያው ፋራጅ የሸቀጥ ገበያ ደላላ ነበር። የአማራጭ ለጀርመኗ አሊስ ቫይደል ጎልድማን ሳክስ ባንክ ሠርታለች። ድሃ የሚመራው ቀኝ ዘመም አሳዩኝ ሲል ፈተነ። አንዱ የግራዎቹንስ መሪዎች አይተሃቸዋል ወይ አለው፤ ተናናቁ። ቁጥር 26 አውሮፓ ዓለም አይደለም ብሎ ብራዚልን አነሳ። በ2018 ቀኝ ዘመሙን ቦልሶናሮን ያነሳው ባለገቢው ደቡብ ነው፤ ድሃው ሰሜን ምሥራቅ ከግራ ዘመሙ ከሉላ ፓርቲ አልተነቃነቀም። ሕንድ ላይ የሞዲ ፓርቲ ለረጅም ጊዜ የብራህሚን (የላይኛው የሂንዱ መደብ) እና የነጋዴ ፓርቲ ሲባል ቆይቶ ነው ወደ ታች የሰፋው። ሁለቱንም በሁለት መስመር ብቻ ነካቸው። የበለጠ ቢጽፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ማንም አልጠየቀውም።

ቁጥር 28 ላይ አንድ ሰው ለኛ ምን ይዞ መጣ ብሎ የአገሩን ፖለቲካ ሊያስገባ ሞከረ። አድሚኑ በደቂቃዎች ውስጥ ሰረዘው። ሕጉ ነው፤ በዚህ ጊዜ ምክንያቱን ማብራራትም አያስፈልግም። ከዚያው ሰው መልስ ውስጥ የተረፈችው ግን ጥሩ ነበረች። አባቱ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራ ነበር። ከፈረቃው ሲወጣ አንጎለላ ወንድሙ ዘንድ ሄዶ ያርሳል። ጥር ላይ በግ ያሻሽጣል። ወዝአደር ነው፣ ገበሬ ነው ወይስ ነጋዴ? ጋሼ እዚህ ላይ አልመለሱም።

ቁጥር 31 ቤተልሔም ያለችው ልጅ ናት። ለቁጥር 4 አንድ ነገር ልታክል ተመለሰች። የ2016 ቁጥርህ ልክ ነው፤ አሁን ግን አርጅቷል አለችው። በ2024 ከምርጫ ጣቢያ በተሰበሰበው መረጃ ከ50 ሺህ ዶላር በታች ገቢ ያላቸው በጠባብ ልዩነትም ቢሆን ወደ ትራምፕ አዘነበሉ። ከ100 ሺህ በላይ ያላቸው ደግሞ ወደ ዴሞክራቶቹ እጩ ወደ ሃሪስ። ስለዚህ መምህሩ የተሳሳተው ጊዜው ሳይደርስ ተናግሮ ነው ብላ ቀለደች። መጋዘኑ ውስጥ አብረዋት የሚሠሩት የፖርቶ ሪኮ ልጆች ስለ እንቁላልና ስለ ኪራይ ሲያወሩ እንጂ ስለ ድንበር ሲያወሩ አልሰማችም። አንዳንዶቹ በ2020 ባይደንን የመረጡ ናቸው። ቁጥር 4 ተቀበላት፤ የዘይት ዋጋ እዚያም አለ ማለት ነው አለ። መምህራኑ እንደገና ተነሱ።

ስታትስቲክሱ ሰውዬ ቁጥር 34 ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተመልሶ ነበር። ያልመረጠውን ለምን ማንም አይቆጥርም ሲል ጠየቀ። በ2024 አሜሪካ ውስጥ የመምረጥ መብት ካለው ከሦስት ሰው አንዱ ድምፅ አልሰጠም። የቀሩት ከመራጮቹ ይልቅ በገቢም በትምህርትም ያነሱ ናቸው። ድሃው ማንን መረጠ ከሚለው በፊት መረጠ ወይ የሚለው ይቅደም ባይ ነው። እኔም ከዚህ ጋር ነኝ፤ ድሃውን ወደ ቀኝም ወደ ግራም የምንጎትተው ካልመጣበት ቦታ ነው። ቁጥር 35 መልስ ሊሰጠው ጀምሮ ነበር፤ ትራሙ ነጂ ነው፤ ፈረቃዬ ደረሰ ብሎ ወጣ። ከቁጥር 36 እስከ 41 ያለው በሙሉ መጋዘን ውስጥ በሰዓት ስንት ይከፈላል የሚል ጥያቄ ነው። ልጅቷ ለሁሉም በየተራ መለሰች። አድሚኑ የደሞዙን ጉዳይ ለብቻው ክር እከፍትላችኋለሁ ብሎ ይሄኛውን ዘጋው።